«ቢግ ሃውስ» ሲታደስ ደጋፊው ለምን ተቆጣ?

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ይህችን ጨዋታ አትረሷትም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2014 ክረምት ዩናይትድ በአዲሱ አሰልጣኝ በሉዊ ቫን ኻል እየተመራ አሜሪካ ውስጥ ሪያል ማድሪድን 3ለ1 የረታባት የወዳጅነት ግጥሚያ ነች፡፡ አሽሊ ያንግ ሁለት፣ ቺቻሪቶ አንድ አገቡ፤ ለማድሪድ ጋሬዝ ቤል በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ፡፡ ለነገሩ የዝግጅት ጨዋታ ስለሆነ ውጤቱ ያን ያህል አያነጋግርም፡፡ ያነጋገረው የተመልካቹ ብዛት ነው፡፡ 109,318 ሰው! እስከዚያ ቀን ድረስ አሜሪካ ውስጥ አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ይህን ያህል ሕዝብ ይዞ አያውቅም ነበር፡፡

ታዲያ ያ ስታዲየም የማን ይመስላችኋል? የክለብ አይደለም፡፡ የብሔራዊ ቡድንም አይደለም፡፡ የተማሪዎች ነው፡፡ አን አርበር በምትባል ከተማ የሚገኘው የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ንብረት ነው፡፡ ስሙ ሚቺጋን ስታዲየም ይባላል፣ ደጋፊው ግን «ቢግ ሃውስ» ነው የሚለው፤ ትልቁ ቤት እንደማለት ነው፡፡ ስሙን በአገሩ ያናኘው ኪት ጃክሰን የተባለው ታዋቂ የቴሌቪዥን ኮሜንታተር ነው፡፡ የትልቅነቱን ነገር እንዲህ ብታዩት ይቀላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 113,934 ነበር፡፡ የስታዲየሙ ሬከርድ ደግሞ 115,109 ተመልካች ነው፤ በ2013 ከኖትርዳም ጋር በነበረው ጨዋታ የተመዘገበ፡፡ ማለትም የከተማው ሕዝብ ከነሕፃኑ ከነሽማግሌው ተሰብስቦ ቢገባም ቦታ ይተርፋል ማለት ነው፡፡

እዚያ የሚጫወቱት እኛ የምናውቀውን ኳስ ሳይሆን ቆብና መከላከያ ለብሰው፣ ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን የአሜሪካን ፉትቦል ነው፡፡ ተጫዋቾቹ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ናቸው፡፡ የዩኒቨርሲቲ ቡድን እንደ ክለብ የሚደገፍበት፣ አያት ለልጅ ልጅ የሚያወርሰው ፍቅር መሆኑን ያላወቀ ሰው አሁን የምነግራችሁ ጠብ ላይገባው ይችላል፡፡ ለአንድ ስታዲየም እድሳት ሲባል ቦርድ ለሁለት ተከፍሏል፣ ማኅበር ተቋቁሟል፣ ፍርድ ቤት ተኪዷል፡፡

ስታዲየሙ የተከፈተው በ1927 ነው፡፡ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሚቺጋን ኦሃዮ ዌስሊያንን 33ለ0 አሸንፏል፡፡ አሳቢው የቀድሞው አሰልጣኝና በወቅቱ የስፖርት ክፍሉን ይመራ የነበረው ፊልዲንግ ዮስት ነው፡፡ ዮስት ወደ ላይ ከመገንባት ይልቅ መሬቱን አስቆፈረና ሜዳውን ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠው፡፡ ስለዚህ ከውጭ ለሚያየው ሰው ስታዲየሙ ዝቅ ያለ ነገር ነበር፤ በር ላይ ደርሶ ቁልቁል ሲያይ ነው የሚደነግጠው፡፡ የመጀመሪያው አቅሙ 72 ሺህ ነበር፡፡ ሰውዬው ግን አንድ ቀን ከመቶ ሺህ በላይ ይይዛል ብሎ አስቦ መሠረቱን ለዚያ የሚሆን አድርጎ አሠራው፡፡

መቀመጫው ዙሪያውን አግዳሚ ነው፡፡ ጥላ የለው፣ ፎቅ የለው፡፡ ዶክተሩም፣ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ ዝናብም በረዶም ሲመጣ እኩል ይመታል፡፡ ደጋፊው የሚኮራው በዚህ ነው፡፡ ቁጥሯም ሌላ ኩራት ነች፡፡ በ1956 ስታዲየሙ ሲሰፋ አቅሙ 101,001 ተባለ፡፡ የመጨረሻዋ አንዷ ወንበር ለቀድሞው አሰልጣኝ ፍሪትዝ ክራይስለር ክብር የተተወች ነች፤ የት እንዳለች ግን አይነገርም፡፡ ከዚያ ወዲህ አቅሙ በተቀየረ ቁጥር መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር አትጠፋም፡፡

ቢጫው ቀለበት

የደጋፊው ቁጣ መጀመሪያ የታየው በ1998 ነው፡፡ ያኔ ስታዲየሙ ወደ 107,501 ሲያድግ በአናቱ ዙሪያ ግዙፍ ቢጫ ቀለበት ተደረገለት፡፡ በላዩ ላይ የቡድኑ መዝሙር ቃላትና የተጫዋቾች ቆብ ስዕል በትላልቁ ተለጥፏል፡፡ ዲዛይኑ የታወቀው አርክቴክት የሮበርት ቬንቹሪ ቢሮ ነው፤ ተራ ሰው የሠራው እንዳይመስላችሁ፡፡ ደጋፊው ግን አልወደደውም፡፡ ያ ኩሩና ዝምተኛ ስታዲየም የመዝናኛ ፓርክ መሰለ ተባለ፡፡ ትችቱ አላባራ ስላለ በ2000 ተነቅሎ ወረደ፡፡ ዕድሜው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነበር፡፡

እንግዲህ ደጋፊው ድምፁ እንደሚሰማ ያየው ያኔ ነው፡፡ ቀጥሎ የመጣው ግን በቀላሉ የሚነቀል አልነበረም፡፡

ጥላ ፎቅ ወይስ ካታንጋ?

በ2000ዎቹ አጋማሽ የስፖርት ክፍሉ ዳይሬክተር ቢል ማርቲን አንድ ፕላን ይዘው ብቅ አሉ፡፡ በስታዲየሙ ምሥራቅና ምዕራብ በኩል በጡብ የተሠሩ ትላልቅ ሕንፃዎች ይቆማሉ፤ በውስጣቸው 83 በመስታወት የታጠሩ የቪአይፒ ክፍሎችና 3,200 ልዩ ወንበሮች ይኖራሉ፡፡ ለሰፊው ሕዝብም የሚጠቅም ነገር አልጠፋም፤ አንዳንድ መቀመጫዎች ይሰፋሉ፣ መተላለፊያው ይጨምራል፣ የእጅ መያዣ ይደረጋል፣ መጸዳጃ ቤትና የምግብ መሸጫ ይበዛል፡፡ ጠቅላላ ወጪው 226 ሚሊዮን ዶላር፡፡

መጸዳጃ ቤቱን ማንም አልጠላም፡፡ በኅዳር ብርድ ካፖርት ለብሶ ጠባቧ አግዳሚ ላይ የተጣበቀ ሰው መቀመጫ ሰፋ ቢባል ምን ይከፋዋል? ያስቆጣው መስታወቱ ነው፡፡

ይህን ለማስረዳት ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ልውሰዳችሁ፡፡ እኛ ጋ ጥላ ፎቅ አለ፣ ከማን አንሼ አለ፣ ካታንጋ አለ፣ ሚስማር ተራ አለ፡፡ ሰው እንደ ኪሱ ነው የሚገባው፣ ስሙም ያንኑ ይናገራል፡፡ ማንም በዚህ ተገርሞ አያውቅም፤ እንዲያውም ካታንጋ ተቀምጦ የጥላ ፎቁን ሰው መተረብ የጨዋታው አንድ ክፍል ነው፡፡ አሁን ግን ሙሉ ለሙሉ ካታንጋ የሆነ ስታዲየም አስቡ፡፡ ለሰማንያ ዓመት ያህል ሁሉም ካታንጋ፡፡ ከዚያ አንድ ቀን ጥላ ፎቅ እንሠራለን ሲሏችሁ ምን ትላላችሁ? የሚቺጋን ደጋፊ የተሰማው ይኸው ነው፡፡

ጆን ፖላክ የተባለ ሰው «ሴቭ ዘ ቢግ ሃውስ» የሚል ቡድን አቋቋመ፡፡ ቢግ ሃውስን እናድን ማለት ነው፡፡ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ደጋፊዎች፣ ጥቂት የማይባሉ የዩኒቨርሲቲው መምህራንም ሐሳቡን ደገፉ፡፡ ክርክራቸው ቀላል ነው፡፡ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የሕዝብ ስታዲየም ነው፣ ሀብታሙን ለብቻው መስታወት ውስጥ አስገብቶ ሌላውን ብርድ ላይ መተው ባህላችን አይደለም የሚል፡፡ አድሱት፣ አስፉት፣ ግን ያለ ቪአይፒ ክፍል አድርጉት አሉ፡፡

የዳይሬክተሩም መልስ እንዲሁ የሚጣል አልነበረም፡፡ ገንዘቡ ከተማሪ ክፍያም ከግብር ከፋዩም አይመጣም፤ የሚከፍሉት ክፍሎቹን የሚከራዩት ሀብታሞች ናቸው፡፡ አንዱ ክፍል በዓመት ከ55 ሺህ እስከ 85 ሺህ ዶላር ያስከፍላል ተብሎ ነበር፡፡ ሌሎች ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ቀድመው ሠርተውታል፤ ሚቺጋን ከነሱ ጋር በአሰልጣኝም በተጫዋችም ሊወዳደር ከፈለገ ከየት ያመጣል? ባጭሩ ባለመስታወቱ ለባላግዳሚው ይከፍልለታል ነው ነገሩ፡፡

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር፡፡ ተቃዋሚዎቹ ያነሱት የእኩልነት ባህል እውነት ነው፣ ግን ትንሽ ተጋኗል፡፡ ዮስት በ1926 ገንዘብ ሲያሰባስብ የ500 ዶላር ቦንድ 3,000 ያህል ነው የሸጠው፡፡ ቦንዱን የገዛ ሰው ሦስት በመቶ ወለድ ያገኛል፣ ለአሥር ዓመትም ትኬት የመግዛት ዕድል ይጠበቅለታል፡፡ በዚያን ጊዜ 500 ዶላር የነበረው ሰው ማን ነው? ስለዚህ ቢግ ሃውስ ገና ሲወለድ ገንዘብ ላለው ቅድሚያ ሰጥቷል፡፡ ልዩነቱ ቦንድ የገዛውም ሰው የተቀመጠው አግዳሚ ላይ መሆኑ ነው፡፡ ይሄ ደግሞ ቀላል ልዩነት አይደለም፡፡

ውሳኔው የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ ነበር፡፡ ቦርዱ በክፍለ ግዛቱ ሕዝብ የሚመረጡ ስምንት አባላት ያሉት ሲሆን እርስ በርሱም አልተስማማም፤ በተከፋፈለ ድምፅ ነው ፕላኑ ያለፈው፡፡ በሰኔ 2007 የመጨረሻው ፈቃድ ተሰጠ፡፡

ዊልቸሩ

በዚህ መሐል ማንም ያልጠበቀው ሌላ ተቃውሞ መጣ፡፡ የዚህኛው ጥያቄ ስለ ሀብታም አይደለም፡፡ በሚያዝያ 2007 አካላቸው የተጎዳ የሚቺጋን የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ዩኒቨርሲቲውን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ፡፡ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በሚይዝ ስታዲየም ውስጥ ለዊልቸር የተዘጋጀው ቦታ መቶ እንኳ አይሞላም ነበር፡፡ አሜሪካ ደግሞ በ1990 የወጣ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አላት፤ ነባር ሕንፃ ሲለወጥ ሕጉን ማሟላት ግድ ነው፡፡ ዩኒቨርሲቲው መቀመጫው ላይ የምሠራው ጥገና እንጂ ለውጥ አይደለም ብሎ ተከራከረ፡፡ 226 ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ጥገና! የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርም ከከሳሾች ጎን ቆመ፡፡

ነገሩ በመጋቢት 2008 በስምምነት አለቀ፡፡ እስከ 2010 ድረስ 329 የዊልቸር ቦታ፣ ከጎኑ ደግሞ አብሮ ለሚመጣ ሰው 329 መቀመጫ እንዲኖር ተወሰነ፡፡ ከጠቅላላው ግርግር ውስጥ ተቃውሞ ያመጣው ትልቁ ውጤት በኔ እምነት ይሄ ነው፡፡ ስለ እኩል መቀመጫ ሲጮህ የነበረው ደጋፊ አብዛኛው እነዚህን ሰዎች አላሰባቸውም ነበር፡፡

ግንባታው በጨዋታ መሐል ነው የተሠራው፡፡ በ2008 እና በ2009 አቅሙ ወደ 106,201 ስለወረደ የፔንስልቬኒያው ቢቨር ስታዲየም ለሁለት ዓመት በለጠው፡፡ ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ነው፤ «ትልቁ ቤት» እያለ ላደገ ደጋፊ ግን መናደጃ ነበር፡፡ ይባስ ብሎ ቡድኑ በ2008 ሦስት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ዘጠኝ ተሸነፈ፡፡ ክሬን እያዩ መሸነፍ!

የምርቃቱ ዕለት

መስከረም 4 ቀን 2010 (በፈረንጆቹ) አዲሱ ቢግ ሃውስ 113,090 ተመልካች ይዞ ተመረቀ፡፡ ተጋጣሚው ኮኔክቲከት ነበር፣ ሚቺጋን 30ለ10 አሸነፈ፡፡ ሩጫው የማይያዘው ዴናርድ ሮቢንሰን በዚያ ቀን ኮከብ ነበር፡፡ ሰዉን ያስለቀሰው ግን ከጨዋታው በፊት የሆነው ነው፡፡ የአንዱ ተጫዋች ወንድም በ2007 መጨረሻ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ነበር፤ ዳግመኛ የመራመድ ዕድሉ እጅግ ጠባብ እንደሆነ ሐኪሞች ነግረውታል፡፡ በዚያ ቀን በምርኩዝ ተደግፎ በእግሩ ሜዳ ገባና ቡድኑን መርቶ አስወጣ፡፡ ስታዲየሙ ተነሳ፡፡ በመስታወት ውስጥ ያለውም፣ አግዳሚ ላይ ያለውም፡፡

ተቃውሞው ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ እየበረደ ነው የመጣው፡፡ ደጋፊው ያልጠበቀው አንድ ጥቅምም አገኘ፡፡ ድሮ ስታዲየሙ ጎድጓዳና ለጥ ያለ ስለሆነ ጩኸቱ ወደ ሰማይ ይበን ነበር፤ መቶ ሺህ ሰው ይጮሃል፣ ሜዳ ላይ ግን እንደ ብዛቱ አይሰማም እየተባለ ይተቻል፡፡ ሁለቱ ሕንፃዎች ሲቆሙ ድምፁን መልሰው ወደ ሜዳው አወረዱት፡፡ ቋሚ መብራትም ተተከለ፡፡ በ2011 በቤቱ ታሪክ የመጀመሪያው የምሽት ጨዋታ ከኖትርዳም ጋር ተደረገ፤ ሚቺጋን ሁለት ሴኮንድ ሲቀር ባስቆጠረው ነጥብ 35ለ31 አሸነፈ፡፡ ያን ምሽት ስለ መስታወቱ ያወራ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፡፡

ደጋፊው ሁሉንም ነገር ዋጠ ማለት ግን አይደለም፡፡ በዚህ ስታዲየም ውስጥ እንደ እንግሊዝ ሜዳዎች ዙሪያውን ማስታወቂያ አይሰቀልም ነበር፤ ይሄም አንዱ የቤቱ ወግ ነበር፡፡ በ2013 የአንድ የምግብ ኩባንያ ግዙፍ የመኮሮኒ ቅርጽ ከስታዲየሙ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ታየ፡፡ ፎቶው እንደተሰራጨ ጩኸቱ ቀለጠ፣ መኮሮኒውም ወዲያው ተነሳ፡፡ ሕንፃውን ማስቆም ያልቻለ ደጋፊ መኮሮኒውን አላሳለፈውም፡፡

የትኬት ዋጋው ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፡፡ ዩናይትድና ማድሪድ በተጫወቱበት በዚያው 2014 የተማሪ የዓመት ትኬት 280 ዶላር ደርሶ ነበር፣ ቡድኑም ይሸነፋል፡፡ በመስከረም መጨረሻ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ወደ ዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት መኖሪያ ሄዱ፤ የጠየቁት ማርቲንን የተኩት ዳይሬክተር ዴቭ ብራንደን እንዲነሱ ነው፡፡ ብራንደን በጥቅምት የመጨረሻ ቀን ለቀቁ፡፡ ለቀጣዩ ዓመት የተማሪ ትኬት ወደ 175 ዶላር ወረደ፡፡ በዚያው በ2015 የስታዲየሙም አቅም ከ109,901 ወደ 107,601 ዝቅ ተደረገ፡፡ የክራይስለር ወንበር ግን አልተነካችም፡፡