የጀግናው እንጀራ

በአሜሪካ አገር አዳዲስ ኮሚኮች ወደ ሱቅ የሚገቡት በየሳምንቱ ረቡዕ ነው። የዚህ ነገር ፍቅር ያደረበት ሰው ዕለቱን እንደ ገበያ ቀን ቆጥሮ ይጠብቃል፤ ገዝቶ ያነባል፤ ማታውን ከባልንጀሮቹ ጋር ሲከራከር ያመሻል። እኛ የደብረ ብርሃን ተማሪዎች እንዲህ ያለ ሱቅ የለንም፤ ክርክሩ ግን አልቀረብንም። በእኛ ዘንድ «የሳምንቱ አዲስ» ማለት በዚያ ሳምንት እጃችን የገባ ማለት ነው። ከታተመ ዓመታት ቢያልፉትም ላላነበበው ሰው አዲስ ነውና። በዚህ ሳምንት ስንነጋገርበት የሰነበትነው «ጀምበር» ስለሆነ ስለ እርሱ ጥቂት ለማለት ብዕራችንን አንሥተናል። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ እንግለጽ። ኮሚክ ማለት በተከታታይ ክፈፎች ተከፋፍሎ የተሣለ፣ የባለታሪኮቹም ንግግር ከአፋቸው አጠገብ በሚሣል ክብ ውስጥ የሚጻፍበት የሥዕል ትረካ ነው። አንዳንድ ሰዎች «የሕፃን መጫወቻ፣ የፈረንጅ ሥራ» ሲሉት እንሰማለን። የሕፃን መሆኑን ለክርክር እንተወው። የፈረንጅ ነው ለሚለው ግን መልስ አለን። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየው የአገራችን ሸራ ብዙውን ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፈፎች የተከፈለ ነው፤ ከእያንዳንዱም ክፈፍ ጋር አጭር ጽሑፍ ይገኛል። ንግሥቲቱ ቅመም የበዛበትን ራት በልታ በሌሊት ውሃ ጠምቷት ስትነሣ፣ ሰሎሞንም ነቅቶ ሲጠብቃት የተመለከተ ሰው ወደሚቀጥለው ክፈፍ የሚቸኩለው ልክ እኛ ገጽ ለመግለጥ እንደምንቸኩለው ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም የቅዱስ ጊዮርጊስን ገድል ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ሁሉ ከሥዕሉ ሲያነበው ኖሯል። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ደጉን ሰው ሙሉ ፊቱን ከሁለት ዓይኑ ጋር፣ ክፉውን ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ መሣል ልማዳቸው ነበር። የአሜሪካ ጀግና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጭምብል አጥልቆ ይመጣል። ዓይኑን የሸሸገ ሰው ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ አያቶቻችንን ብንጠይቅ ምን እንደሚመልሱልን እናውቃለን።

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ለማንኛውም ጀግና የምናቀርበው አንድ ጥያቄ አለን፤ ይኸውም «ለመሆኑ ከምን ይበላል?» የሚል ነው። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በ1938 ያወጡት ሱፐርማን ከመነሻው የጋዜጠኝነት ሥራ አለው። በ1939 የተከተለው ባትማን ከወላጆቹ ብዙ ሀብት የወረሰ ከበርቴ ነው። በ1966 የታየው ብላክ ፓንተር ጭራሹን ንጉሥ ነው። እነዚህ ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ከወንበዴ ጋር ሲታገሉ አድረው ጠዋት የቤት ኪራይ የሚጠይቃቸው የለም። ለልባችን ጥቂት የሚቀርበው በ1962 የወጣው ስፓይደርማን ነው፤ ወላጆቹን ያጣ፣ አክስቱን ለመርዳት ሲል ፎቶግራፍ አንሥቶ ለጋዜጣ የሚሸጥ ተማሪ ነውና። ያም ሆኖ ቢያንስ ፎቶውን የሚገዛው ጋዜጣ አለው።

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው፣ በኋላም ወደ አሜሪካ የተሻገረው ብሥራት ደበበ በ2018 ያወጣው «ጀምበር» ግን ከዚህ ሁሉ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። አማኑኤል ጥላሁን የ22 ዓመት ወጣት ነው፤ ተመርቋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፍለጋ ይንከራተታል። ልዩ ኃይል አግኝቶ ጀግና ከመሆኑ በፊት የገጠመው ጠላት ሥራ ማጣት ነው። ይህን ጠላት ለመሣል ቀንድና ጥፍር አያስፈልግም፤ ለማናችንም እንግዳ አይደለምና። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንገታችንን አቅንተን ቆመን «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» የምትለውን መስመር ስናነብ በየቀኑ እናየዋለን። ከመካከላችን አባቱ መንዝ ላይ በግ እየሸጠ ያስተማረው አለ። በዓል ደርሶ አገር ቤት ሲገባ እናቱ «መቼ ነው የምትመረቀው?» ማለቱን ትታ «ከዚያስ በኋላ?» ማለት የጀመረችበትም አለ። እንዲህ ያለው ሰው የአማኑኤልን የመጀመሪያ ገጾች ሲያነብ ስለ ራሱ የተጻፈ መስሎት ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ሥራ ላጣ ወጣት በሕልም ክንፍ መስጠት ማታለል ነው፤ የሚያስፈልገው ደመወዝ ነው» ብለው አጥብቀው ተከራከሩን። ነገራቸው ቀላል አይደለም። የዚህ ዓይነት ድርሰት ሁሉ አደጋው፣ ኃይሉ ከመጣ በኋላ እንጀራው መረሳቱ ነው። የስፓይደርማን ደራሲዎች ብልሃት እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ልጁ ግድግዳ መውጣት ከቻለም በኋላ ገንዘብ ያጥረዋል። ከኢትዮጵያዊውም ጀግና የምንሻው ይህንኑ ነው፤ ዓለምን አድኖ ሲመለስ ማመልከቻው መልስ አግኝቶ እንደሆነ ይጠይቅ። ነገር ግን ሥራ ፈቶ መቀመጥ እንደ ስንፍና በሚቆጠርበት አገር፣ ሥራ ያጣውን ምሩቅ የታሪኩ ጀግና አድርጎ ማቅረብ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው እንላለን።

ከ«ጀምበር» ቀጥሎ ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ በ2019 «ሀዊ» የተሰኘች ሴት ጀግና መጥታለች። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የፈጠረችው ብሩክታዊት ጥጋቡም፣ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻን የመሳሰሉ ጎጂ ልማዶችን የሚታገሉበትን «ጥበብ ገርልስ» አቅርባለች። ስለ እነዚህ ሌላ ጊዜ በሰፊው እንመለስበታለን።

የቀረው የቋንቋው ነገር ነው። «ጀምበር» በወጣበት በዚያው በ2018 ዓለምን ያጥለቀለቀው የ«ብላክ ፓንተር» ፊልም ለምናባዊው አፍሪካዊ አገሩ የደቡብ አፍሪካን ቆሳ ቋንቋ ነበር የተዋሰው። «ጀምበር» ግን ከእንግሊዝኛው ሌላ በአማርኛም ተዘጋጅቷል። ይህ እንደሚመስለው ቀላል ሥራ አይደለም። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ይበቃዋል፤ አማርኛ ግን «አንተ» ነው ወይስ «እርስዎ»? ብሎ ያስጨንቃል። ጀግናው ሽበታም ወንበዴ ቢገጥመው አንቱ እያለ ይመታዋልን? አስተዳደጉ አንቱ በል ይለዋል፤ ጠቡ ደግሞ አንተ ያሰኘዋል። አንዲት ፊደል ስትለወጥ የሰውዬው ጠባይ ይለወጣል።

በሌላ በኩል ለድምፅና ለእንቅስቃሴ አማርኛ የሚያህል ቋንቋ እንዳለ እንጃ። «አለ» የምትለዋን ግሥ ተሸክመው የሚዞሩ ቃላት ስንት ናቸው! በሩ ጓ ይላል፤ ጥፊው ቷ ይላል፤ ጭሱ ብን፣ ሌባው እልም ይላል። ከፎቅ የሚወድቅ ሰው ብቻ ስንት ዓይነት አለው፤ ዱብ ያለው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ዘጭ ያለው ወገቡን ይይዛል፤ ድፍት ያለውን ሰው ያነሣዋል። ሠዓሊው ይህን ሁሉ በክፈፉ ጥግ በትልልቁ ቢጽፍልን ሥዕሉን ሳናይ በድምፁ ብቻ ታሪኩን በተከተልነው ነበር።

የአማርኛውን ቅጂ ተውሶ የወሰደው ወዳጃችን ወረፋ የሚጠብቁ ሰባት ሰዎች መኖራቸውን ይወቅልን።