በአውራ ጣት ውስጥ የተተከለ መገጣጠሚያ መላላቱ እንዴት ይታወቃል?

ልጆች፣ ዛሬ ስለ አውራ ጣት እንጫወታለን። «አውራ» ማለት ዋና፣ መሪ ማለት ነው፤ አውራ ዶሮ፣ አውራ ጎዳና እንደምንለው። ስሙ በከንቱ አልተሰጠውም። እስቲ አውራ ጣታችሁን አጥፋችሁ የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ ወይም እንጀራ ቆርሳችሁ ለመጠቅለል ሞክሩ። ያስቸግራል፣ አይደል?

አውራ ጣት እንደ ልብ የሚዞረው ከሥሩ፣ ከእጅ አንጓ አጠገብ ባለው መገጣጠሚያ ነው። እዚያ አንዱ አጥንት በሌላው ላይ ኮርቻ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ሆኖ ይገናኛል። በመካከላቸው ለስላሳ ሽፋን አለ። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ሽፋን በብዙ ሰዎች፣ በተለይ በሴቶች እጅ ላይ ያልቅና አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። አያታችሁ «ይህን ክዳን ክፈቱልኝ» ቢሉ እጃቸውን አሟቸው ይሆናልና ቶሎ ታዘዙ!

ሕመሙ በመድኃኒት ካልተሻለ አንዱ መፍትሔ መገጣጠሚያውን በሰው ሠራሽ መተካት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ኢቭ ደ ላ ካፊኒየር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ሠርተዋል። በአንዱ አጥንት ውስጥ ጫፉ ላይ ኳስ ያለው ዘንግ ይገባል፤ በሌላው ውስጥ ኳሱን የምትቀበል ስኒ መሳይ ነገር ትተከላለች። ዛሬ የሚተከሉት ስኒዎች ስፋታቸው ብዙውን ጊዜ 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ነው። የሚይዛቸው አጥንትም ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ቢጠጋ ነው።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሰላው፣ በጣት ጫፍ ቆንጠጥ ስናደርግ በዚያ መገጣጠሚያ ላይ 12 ኪሎ ያህል ጫና ያርፋል፤ አጥብቀን ስንጨብጥ እስከ 120 ኪሎ ይደርሳል። ትንሿ ስኒ ይህን በየቀኑ መቻል አለባት። ከላላች ሕመሙ ይመለሳል፤ ሌላ ቀዶ ጥገናም ሊያስፈልግ ይችላል።

ታዲያ አጥብቃ መያዟ እንዴት ይፈተናል? መጀመሪያ በላቦራቶሪ ነው። በእንስሳ ወይም በሰው ሠራሽ አጥንት ላይ ይተክሏትና መኪና ደጋግሞ ይገፋታል፣ ይጎትታታል። ነገር ግን ሕይወት ያለው አጥንት ያድጋል፤ ሸካራ ብረት ላይም ይጣበቃል። ስለዚህ እውነተኛው ፈተና በሰው እጅ ውስጥ ነው።

ለዚህ የሚረዳውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረቡት በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲው ዮራን ሴልቪክ ናቸው። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ሐኪሙ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞሉ የታንታለም እንክብሎች አጥንቱ ውስጥ ያስቀምጣል። ታንታለም ሰውነት የሚቀበለው፣ በራጅ ላይ ደግሞ ጎልቶ የሚታይ ብረት ነው። የዚህ ብረት ማዕድን በአገራችንም በጉጂ፣ ቀንጢቻ በሚባል ቦታ ይገኛል!

ከዚያ በኋላ እጁ በአንድ ጊዜ ከሁለት አቅጣጫ ራጅ ይነሣል። ለምን ሁለት? በሁለት እጃችሁ ሁለት እርሳስ ያዙ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጫፎቹን አገናኙ። ከዚያ ሁለቱንም ዓይን ከፍታችሁ ድገሙት። ሁለተኛው ቀለላችሁ? ሁለት ዓይን ርቀትን ለይቶ ያያል፤ ሁለት ራጅም እንዲሁ።

ራጁ ከወራት፣ ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ ይደገማል። ኮምፒውተር ስኒዋ ከእንክብሎቹ አንጻር ምን ያህል እንደ ተንቀሳቀሰች ያነጻጽራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት ተንቀሳቅሳ ከቆመች ደግ ነው። መንቀሳቀሷን ከቀጠለች ግን፣ ሰውየው ገና ሳያመው፣ ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዴንማርክ ጥናት በዚህ ዘዴ በአጥንት ሲሚንቶ የተያዙና ያለ ሲሚንቶ የተተከሉ ስኒዎችን አወዳድሮ፣ እስከ ሁለት ዓመት ሁለቱም እኩል ደህና መያዛቸውን አግኝቷል።

አያችሁ ልጆች፣ አዲስ ነገር ለብዙ ሰው ከመሰጠቱ በፊት በጥቂት ሰዎች ላይ በጥንቃቄ ከተለካ፣ ጉድለቱ ሺዎችን ሳይጎዳ ይታወቃል።

አዳዲስ ቃላት፦ መፋተግ (እርስ በርስ መሻሸት)፣ መላላት (ጥብቅ አለመሆን)፣ ማነጻጸር (ማወዳደር)።

ጥያቄ፦ እንክብሎቹ በአጥንቱ ውስጥ ባይቀመጡ ኖሮ ምን ይቸግር ነበር?

ወላጆች፣ ልጆቹ መልሱን በአማርኛ እንዲያስረዷችሁ አበረታቷቸው።