ሳይታይ የሚወረስ

የአባትየው የደም ዓይነት «ኤ»፣ የእናትየዋ «ቢ» ነው። ልጃቸው ተመርምሮ «ኦ» ሆኖ ሲገኝ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የእናትየዋ ታማኝነት ነው። በዚህ ውጤት ብቻ እርሷን መጠርጠር ግን ግፍ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከአተር እንጀምር።

ግሬጎር ሜንዴል ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ በምትገኘው ብርኖ ከተማ የኖረ መነኩሴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ በገዳሙ ግቢ አተር እየዘራ ያዳቅል ነበር። በዘመኑ ብዙዎች የወላጆች ባሕርይ እንደ ቡናና ወተት ተቀላቅሎ ልጅ ላይ መካከለኛ ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። ሜንዴል ድቡልቡል ፍሬ የሚሰጠውን አተር የተጨማደደ ፍሬ ከሚሰጠው ጋር ሲያዳቅል ግን የተገኘው ሁሉ ድቡልቡል ሆነ። በከፊል የተጨማደደ አንድም አልነበረም። እነዚያኑ ድቡልቡሎች መልሶ ዘራ፤ በራሳቸው ብናኝ እንዲያፈሩ ተዋቸውና ምርቱን ፍሬ በፍሬ ቆጠረ፦ 5,474 ድቡልቡል፣ 1,850 የተጨማደደ። ሦስት ለአንድ ገደማ ማለት ነው። ጠፋ የተባለው መጨማደድ በልጅ ልጆቹ ላይ እንዳለ ተመለሰ።

ለእኔ የሜንዴል ትልቅነት ይህ ቆጠራ ነው። ከእርሱ በፊትም ዕፅዋት ያዳቀሉ ነበሩ፤ ሥርዓቱ የተገለጠው ግን በትዕግሥት ለቆጠረው ሰው ነው። ጽሑፉ በ1866 ታተመ፤ ዋጋው የታወቀው እርሱ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ነበር።

ቁጥሩ የሚነግረን ይህን ነው። ለአንድ ባሕርይ ሁለት ቅጂ እንወርሳለን፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። እነዚህን ቅጂዎች ዛሬ ዘረመል እንላቸዋለን፤ የሚገኙትም በ23 ጥንድ ክሮሞዞሞቻችን ላይ ነው። በእኛ ተራ የምናወርሰው ከጥንዱ አንዱን ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሚያልፍ የሚወስነው ዕድል ነው። አንዳንዱ ቅጂ አይሎ ሲታይ ሌላው ይደበቃል። የተደበቀው ግን አለ፤ ለልጅም ይተላለፋል።

ወደ ደሙ እንመለስ። አባትየው «ኤ» ቢባልም ሁለተኛው ቅጂው «ኦ» ሊሆን ይችላል፤ የእናትየዋም እንዲሁ። ሁለቱም «ኦ»ውን ያስተላለፉለት ልጅ «ኦ» ይሆናል። እንዲህ ባሉ ወላጆች ዘንድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ይህ ዕድል በእያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው «ኦ» ስለሆነ ተከታዮቹ ሦስቱ ሌላ ይሆናሉ ማለት አይደለም።

ሁሉም ባሕርይ እንዲህ ቀላል አይደለም። ቁመትን የሚወስኑት እጅግ ብዙ ዘረመሎች ናቸው፤ የልጅነት ምግብም ድርሻ አለው።

በአገራችን ብዙ ቦታ ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት መቁጠር የቆየ ወግ ነው፤ በዘረመል ዓይን ሲታይም ጥቅም አለው። የአጎት ወይም የአክስት ልጆች በአማካይ የዘረመላቸውን አንድ ስምንተኛ ይጋራሉ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጎጂ ድብቅ ቅጂ ሁለቱም ጋ የመገኘቱ ዕድል ከባዕዳን ይልቅ ከፍ ይላል፤ ልጃቸውም ከሁለቱም ሊወርሰው ይችላል።

አልቢኒዝምም በአብዛኛው የሚወረሰው ከሁለቱም ወላጆች በሚመጣ ድብቅ ቅጂ ነው፤ ወላጆቹ ዘመዳማች ባይሆኑም። ቆዳን፣ ፀጉርንና ዓይንን የሚያጠቁረው ሜላኒን በደንብ እንዳይመረት የሚያደርገውን ድብቅ ቅጂ ጥቁር ቆዳ ያላቸው እናትና አባት እኩል ያወርሳሉ። እርግማን አይደለም፤ እናት በእርግዝናዋ ያየችው ወይም የበላችው ነገር ውጤትም አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ ቤታችሁ ወይም ጎረቤት ካለ እናቱን ጥፋተኛ ማድረጉን ተዉ። ልጁ ቆዳው በፀሐይ ይጎዳል፤ ዓይኑም አጥርቶ ለማየት ይቸገራል። ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ አልብሱት፣ የዓይን ሐኪም አሳዩት፣ ክፍል ውስጥም ከሰሌዳው አጠገብ እንዲቀመጥ ለመምህሩ ንገሩለት።