ከራይ ወደ ስንዴ የተሻገረው ጂን

ስንዴ ላይ ለምንሠራ ሰዎች የአውሮፓ ብርድ አገር እህል የሆነው ራይ ባለውለታችን ነው። የአንደኛ ክሮሞዞሙ አጭር ክንድ ስንዴ ውስጥ ገብቶ የግንድ፣ የቅጠልና የቢጫ ዋግን ለዓመታት ተከላክሏል። የግንድ ዋጉ ጂን ኤስአር31 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን ይህን ጂን የሚያሸንፍ የዋግ ዝርያ፣ ዩጂ99፣ ዩጋንዳ ውስጥ ተገኘ፤ ኋላም ኢትዮጵያ ደረሰ።

ኤስአር31 ስለተሸነፈ ከራይ አዲስ ጂን ማፈላለግ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ያለው ችግር፣ የራይ ክንድ ከስንዴው አቻ ጋር በተለመደው መንገድ ክፍል አለመለዋወጡ ነው። ጂኑ የቱ ጋ እንደተቀመጠ በስንዴ ድቅሎች መለየት ያዳግታል። (ሊጥ የሚያጣብቀው የራይ ፕሮቲንም አብሮ ይመጣል፤ ዳቦ ጋጋሪዎች አይወዱትም!) አንዱ መውጫ ራይን ከራይ አዳቅሎ የጂኑን ቦታ የሚያሳየውን ካርታ እዚያው ራይ ላይ መሥራት ነው። በ2021 የታተመው የራይ ጂኖም ሥራውን አቅልሎታል።

ከሌላ ራይ ከዚያው ክንድ የተገኘው ኤስአር50 ዩጂ99ን ይቋቋማል። ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች ጂኖች ጋር ተደርቦ ይለቀቅ ባይ ነኝ።