የጋዝ ማንጋል የጎን ምድጃ፦ ለእኛ ቤት ይጠቅማል?

የነጻነት ቀን ሲቃረብ የማንጋል ማስታወቂያ ይበዛል። ልጆችም ይመጡና «እማዬ፣ አባዬ፣ የከሰሉ ይቅር፣ ባለ ጋዙን እንግዛላችሁ» ይላሉ። ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ አንዱን ካሳያችሁ በኋላ ከጎኑ ክዳን ያላት ትንሽ ምድጃ ወደ ተጨመረችበት ይወስዳችኋል። «ይሄኛው ኪራ ጺዳዲት አለው» ይላል። ዋጋውም ከፍ ይላል። ታዲያ ያቺ የጎን ምድጃ የተጨመረባትን ገንዘብ ያህል ትሠራለች ወይ?

ሥጋና ክንፍ ጠብሶ፣ በፒታ በልቶ ለሚነሣ ሰው እምብዛም አትሠራለት። ጥቂት ጊዜ ይሞክራትና ክዳኗን ዘግቶ ሰሃን ማስቀመጫ ያደርጋታል። ወጥ ለሚሠራና ቡና ለሚቆላ ቤት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ልትጠቅም ትችላለች። ይህም የሚወሰነው በምትጥዱት ድስት መጠንና ማንጋሉ በሚቆምበት ቦታ ነው።

ለምን ለእኛ ትጠቅማለች?

የቤታችሁን ድግስ አስቡት። ወንዶቹና ልጆቹ ውጭ ማንጋሉ ዙሪያ ቆመው ይጫወታሉ። እናት ግን ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ሽንኩርት ታቁላላለች፤ ሳቁን በመስኮት ትሰማለች። የጎን ምድጃ ካለ ድስቷን ይዛ ትወጣለች፣ ወጡም ጨዋታውም አንድ ቦታ ይሆናል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ እናቶች በራሳቸው ድግስ ላይ እንግዶቻቸውን የሚያዩት ሳህን ሲያነሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የሽታው ነገር ነው። በርበሬ በዘይት ሲቁላላ ቤቱን በሙሉ ያስነጥሳል፤ ሽታው መጋረጃና ልብስ ውስጥ ገብቶ ለቀናት ይቆያል። በፎቅ ቤት ደግሞ ደረጃውን ይሞላና ከጎረቤት ጋር ያነጋግራል። ቁሌቱን ውጭ ጨርሶ ድስቱን ወደ ውስጥ መመለስ ቤቱን ያሳርፋል። ቡና መቁላትም እንዲሁ ነው። ጭሱ ሜዳ ላይ ሲሆን ደስ ይላል፤ በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ግን የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኻል።

ሦስተኛው ሙቀቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ኩሽና ውስጥ ሁለት ሰዓት እሳት ሲነድ ቤቱ ይጋላል። ማዝጋኑ የሚያቀዘቅዘውን ምድጃው መልሶ ያሞቀዋል። ምግቡ ውጭ ሲበስል ያ ድካምና ያ የመብራት ወጪ ይቀንሳል።

ጋዙ ምን ያህል ይበላል?

በዕቃው ላይ ቢቲዩ የሚል ቁጥር ታያላችሁ። የእሳቱ ጉልበት መለኪያ ነው። ብዙዎቹ የጎን ምድጃዎች 10,000 ወይም 12,000 አካባቢ ናቸው። 12,000 ቢቲዩ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ነው፤ ይህም ከኩሽናችሁ ትልቁ የጋዝ ዓይን ጋር ይቀራረባል። እንዲህ ያለ እሳት ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲነድ በሰዓት ሩብ ኪሎ ከምናምን ጋዝ ይበላል። 12 ኪሎ የሚይዘው ባሎን ለእሷ ብቻ ቢሆን 40 ሰዓት ያህል ያስኬዳል ማለት ነው።

የጎን ምድጃ የሌለው ሰው ድስቱን በማንጋሉ መጥበሻ ብረት ላይ ይጥዳል። ይቻላል፤ ግን ለአንድ ድስት ብሎ ሦስቱንም እሳት ይከፍታል። ሦስቱ አንድ ላይ 10 ኪሎ ዋት ያህል ከሆኑ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጋዝ ይሄዳል። አብዛኛው ሙቀትም በድስቱ ዙሪያ ወጥቶ ይባክናል። ለአንድ ድስት የጎን ምድጃዋ ትቆጥባለች።

የማትችለው ምንድን ነው?

እንጀራ አትጋግርም። የእንጀራ ምጣድ ሰፊ ነው፤ የጎን ምድጃዋ እሳት ግን መሀሉን ብቻ ነው የሚነካው። መሀሉ ሲያርር ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል።

ትልቅ ድስትም አትችልም። ለለቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ለስግድ ማታ የሚጣደውን አስቡ። 20 ሊትር የሚይዝ ድስት ወጥ ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የጎን ምድጃዋ የተቀመጠችው ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀጭን ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ ነው፤ አንዳንዱም ተጣጣፊ ነው። ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ሲሆን ማንጋሉ ሊያዘነብል ይችላል። የፈላ ወጥ ያለበት ድስት ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም።

ቁመቱም አለ። ምድጃዋ ወገብ አካባቢ ነው የምትቆመው። ረጅም ድስት ሲጨመርባት አፉ ከደረት በላይ ይሆናል። ወፍራም ቁሌት በማማሰያ ለሚያገላብጥ ሰው፣ በተለይ ትከሻው ለሚያመው አዛውንት፣ ይህ አድካሚም አደገኛም ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ ለብቻው የሚሸጠው፣ መሬት ላይ የሚቆመው ባለ ሦስት እግር የጋዝ ምድጃ ይሻላል። ዝቅ ያለ ነው፣ ክብደት ይችላል፣ ማማሰልም ይመቻል። ዓመቱን ሙሉ የምትደግሱ ከሆነ የጎን ምድጃ የሌለውን ማንጋል ገዝታችሁ በልዩነቱ ይህን ብትጨምሩ ይበልጥ ታተርፋላችሁ።

ዶሮ ወጥም ጥያቄ አለበት። ዶሮ ወጥ ትዕግሥትና ዝግ ያለ እሳት ይፈልጋል። አንዳንዷ የጎን ምድጃ ግን ዝቅ ስትደረግ ትጠፋለች ወይም ነፋስ ያጠፋታል። ሽንኩርቱን ውጭ ማቁላላት፣ ዶሮውንና እንቁላሉን ውስጥ መጨረስ ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሱቅ ውስጥ እነዚህን ጠይቁ፣ በእጃችሁም ሞክሩ።

ስንት ኪሎ ትሸከማለች? የድስቱስ ስፋት እስከ ስንት ነው? በመመሪያው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ሻጩ ካላወቀ ወረቀቱን ያውጣው።

መደርደሪያውን በእጃችሁ ጫን በሉት። ከተወዛወዘ ድስት አይጣድበትም።

እሳቱ ከጠፋ ጋዙን የሚዘጋ መከላከያ አላት? ብዙ የኩሽና ምድጃዎች ይህ አላቸው፤ ብዙ የማንጋል የጎን ምድጃዎች ግን የላቸውም።

ድስት መያዣው ብረት ምን ይመስላል? ጣቶቹ የተራራቁ ከሆኑ የቡና ጀበና አይቀመጥም። ጀበና ለመጣድ ጠፍጣፋ ብረት ከታች አድርጉ፤ እሳቱንም ከትንሹ ጀምሩ። ቀዝቃዛ ሸክላ በድንገት ኃይለኛ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል።

ክዳኗ ሲከፈት ነፋስ ይከልላል? ከባሕር ዳር ወይም ከተራራ ላይ ለምትኖሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነፋስ እሳቱን ወደ ጎን ሲወስደው ድስቱ አይሞቅም፣ ጋዙ ግን ይሄዳል።

ጥንቃቄ

የጋዝ ማንጋል የሜዳ ዕቃ ነው። መስኮቱ በተዘጋ ሚርፔሴት፣ በማማድ ወይም በቤት ውስጥ አይለኮስም። የሚነድ እሳት አየር ሲያጣ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ሰው ሳይታወቀው ይሞታል። በብርድ ጊዜም ቤት ለማሞቅ አይገባም።

የባሎን ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈተልክ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ላይ ይተኛል፣ ጉድጓድና ጥግ ይፈልጋል። ስለዚህ ባሎኑ ቀጥ ብሎ ክፍት ቦታ ይቁም። ባሎን በተቀየረ ቁጥር የሳሙና ውሃ በመገጣጠሚያው፣ በቱቦውና ቬሳት በሚባለው መቆጣጠሪያ ላይ ቀቡ። አረፋ ከተነፋ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው፤ ዝጉና ባለሙያ ጥሩ። ማንጋሉን ከቤቱ የጋዝ መስመር ጋር ማገናኘት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ያለው የጋዝ ቴኽናይ ብቻ ይሥራው። «እኔ እገጥመዋለሁ» የሚል ልጅ ወይም ጎረቤት አይንካው።

ምድጃዋን ስትለኩሱ ክዳኗ ክፍት ይሁን። እሳቱን ነፋስ ካጠፋው ቶሎ ብላችሁ አትለኩሱ። ጋዙን ዝጉ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ እንደገና ሞክሩ። ዘይት ቢቀጣጠል ውሃ አትድፉበት፤ ጋዙን ዘግታችሁ በክዳን አፍኑት። ምድጃዋ ለብዙ ወራት ሳትነካ ከቆየች ደግሞ ጋዙ የሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ ሸረሪት ድር ሊሠራ ይችላል። እሳቱ ቢጫ ከሆነ ወይም በማይገባው ቦታ ከወጣ አጥፍታችሁ አጽዱ።

ሥጋና ወተት

ከሥጋው መጥበሻ የሚረጨው ስብ አጠገቡ ያለችውን ምድጃ መንካቱ አይቀርም። ስለዚህ ብዙ ሰው የጎን ምድጃዋን ከማንጋሉ ጋር የሥጋ አድርጎ ይይዛታል። ወተት ወይም ቅቤ የገባበት ነገር ልትሠሩባት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ቄሳችሁን ወይም ረቢያችሁን ጠይቁ። ሽሮ፣ ምስርና ቡና ከሆነ የምታበስሉት ነገሩ ይቀላል፤ ድስቱ ግን የትኛው እንደሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ይወቅ። የልጅ ልጆች ያገኙትን ድስት ነው የሚያነሱት።

ታዲያ እንግዛ ወይስ ይቅር?

ግቢ ወይም ክፍት ሰፊ ሚርፔሴት ካላችሁ፣ ለአምስት ለስምንት ሰው የሚበቃ ድስት የምትጥዱ ከሆነ፣ ቡናውንም ውጭ መቁላት ከወደዳችሁ፣ የጎን ምድጃ ያለውን ግዙ፤ ትሠሩባታላችሁ። ድግሳችሁ ሁልጊዜ የ40 ሰው ከሆነ ባለ ሦስት እግሩን ምድጃ ለብቻው ግዙ። ሚርፔሴታችሁ ጠባብ ወይም የተዘጋ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ይቅሩ። ሻጩ «በታሽሉሚም ትከፍላላችሁ» ስላለ ብቻ መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ልጆቻችሁ በስጦታ ሊያመጡላችሁ ካሰቡም ከመግዛታቸው በፊት ተናገሩ። የምትጠቀሙበትን ትልቁን ድስት አሳዩአቸው፣ ስፋቱን ይለኩት፣ ውሃ ሞልተው ይመዝኑት፣ ቁጥሩን ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ። ማንጋሉ ቤት ሲገባም ቦታው አስቀድሞ ተለይቶ ይጠብቀው፦ መሬቱ የተስተካከለ፣ ከግድግዳና ከልብስ ማድረቂያ የራቀ፣ ለድስቱ ቀራቢም ወንበር የሚሆን ስፍራ ያለው።