በእንቅርት ላይ ስኳር፦ ተረቱና እውነታው

አዲስ አበባ ደምበል አካባቢ በእግረኛው መንገድ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ጥቂት ብር ከፍሎ የተመዘነ ሰው ኪሎው ቀንሶ ሲያገኘው፣ አብሮት ያለው ጓደኛው ወዲያው «ስኳር እንዳይሆን፣ ተመርመር!» ይለዋል። ምክሩ ደህና ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። በደንብ እየበላ የሚከሳ፣ ልቡ ድው ድው የሚልበት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥና ሙቀት የማይችል ሰው የታይሮይድ ዕጢው ከልክ በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ስኳር ብቻ ተለክቶ «ነፃ ነህ» ከተባለ፣ ዋናው ሕመም ሳይታይ ይቀራል።

«ታይሮይድ ያለበት ሰው አንገቱ ያብጣል» የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። በሰሜኑ አገራችን እናቶች አንገታቸውን የሚነቀሱት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርት ይከላከላል፣ ያድናልም ተብሎ ነው። ንቅሳት ግን ዕጢው ዘንድ አይደርስም። እንቅርት ያለበት ሰው ዕጢው በትክክል ሊሠራ ይችላል፤ አንገቱ ለስላሳ የሆነ ሰው ደግሞ ዕጢው ደክሞ ድካም፣ ብርድና የሆድ ድርቀት ሊያሠቃየው ይችላል። እርግጡን የሚናገረው ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ ነው።

«ታይሮይድ ሌላ፣ ስኳር ሌላ» የሚሉም አሉ፤ ሁለቱ ግን ይነካካሉ። ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራ ጉበት ስኳር አብዝቶ ወደ ደም ይለቃል፣ ኢንሱሊንም ቶሎ ከሰውነት ይወገዳል። ሲደክም ደግሞ ጡንቻ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይላላል። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 8,452 ሰዎችን በአማካይ ለ8 ዓመት ገደማ ተከታትሏል፤ 798ቱ ስኳር ያዛቸው። ዕጢያቸው ዝግ ብሎ የሚሠራባቸው ሰዎች፣ ውጤታቸው «ኖርማል» በሚባለው ክልል ውስጥ ቢሆንም እንኳ፣ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስኳራቸው ከፍ ማለት በጀመረ ሰዎች ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ጎላ።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ስኳር እንዳይይዘኝ የታይሮይድ ክኒን ልዋጥ» ማለት ግን ስህተት ነው። ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው መታየታቸውን አሳየ እንጂ መድኃኒቱ ስኳርን እንደሚከላከል አላረጋገጠም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተዋጠ የታይሮይድ ሆርሞን የልብ ምትን ሊያዛባ፣ አጥንትንም ሊያሳሳ ይችላል።

ታይሮይድ ሥራውን የሚሠራው በአዮዲን ስለሆነ ስለ ጨውም ብዙ ይባላል፤ እኔም እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። አገራችን አዮዲን ያለውን ጨው በብዛት የምታገኘው ከአሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ገበያውን አዮዲን ያልገባበት የአፍዴራ ጨው ሞላው። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 89 በመቶ ደረሱ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፣ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን «ጨው ባበዛ ታይሮይዴ ይድናል» የሚል ሰው ግፊቱን ያስነሳል፤ ስኳር ካለበት ደግሞ ኩላሊቱና ልቡ ይጎዳሉ። የሚያስፈልገው ጨው ማብዛት ሳይሆን ያለውን መጠበቅ ነው፤ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ይጨመር።

ስኳር ታማሚዎች ሁለት ነገር ይያዙ። የደም ስኳርን የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ዕጢ ሲደክም ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ስለዚህ ውጤቱ ቤት ከምትለኩት ጋር ካልገጠመ ሐኪሙን ጠይቁ። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ታይሮይዱም እንዲታይ አስደርጉ፤ በዚህ ዓይነቱ ስኳር ሰውነት ቆሽትን እንደሚያጠቃ ሁሉ ታይሮይድንም ማጥቃቱ የተለመደ ነው። ከልክ በላይ የሚሠራ ዕጢ ታክሞ ሲረጋጋም የድሮው የኢንሱሊን መጠን ሊበዛና ስኳሩን ከልክ በላይ ሊያወርድ ስለሚችል፣ መጠኑ ከሐኪም ጋር እንደገና መታየት አለበት።