በጡንቻ የተያዘው አጥንት

እስክስታ የሚወርድ ሰው ከኋላው ሆናችሁ እዩት። ልብሱ ሥር ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንቶች ሲነሱና ሲወርዱ፣ ሲቀራረቡና ሲራራቁ ይታያሉ። የምናጨበጭበው ለትከሻው ነው፤ ትከሻውን ተሸክሞ የሚያስኬደው ግን ይህ ጠፍጣፋ የጀርባ አጥንት ነው። ሐኪሞች ስካፑላ ይሉታል።

አጥንት ሁሉ ከጎረቤቱ አጥንት ጋር ተጋጥሞ የሚኖር ይመስለናል። ይህኛው ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ጎድን ያለውን ቦታ ሸፍኖ ቢተኛም ከጎድኖቹ ጋር አንድም መገጣጠሚያ የለውም። ከደረት ጋር በአጥንት የሚያገናኘው፣ በአንገት ሥር አግድም የሚያልፈው ቀጭን አጥንት ብቻ ነው። የቀረውን የያዙት 17 ጡንቻዎች ናቸው። ጡንቻ ላይ ስለተኛም እንደልቡ ይንሸራተታል፤ ይዞራል።

መዞሩን ለማየት ክንዳችሁን በጎን አንስታችሁ ከጆሯችሁ አድርሱ፤ ሌላ ሰው የአጥንቱን የታች ጫፍ በጣቱ ይንካላችሁ። ጫፉ ወደ ብብት ሲሸሽ ይሰማዋል። ከ180 ዲግሪው ጉዞ 120 ያህሉ የክንዱ መገጣጠሚያ ድርሻ ነው፤ 60 ያህሉን የሚያሟላው ይህ አጥንት ነው። የክንድ አጥንት ክብ ራስ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ያለው በእርሱ ጠርዝ ላይ ነውና። ጎድጓዳው ጠለቅ ያለ አይደለም፤ ራሱን በከፊል ብቻ ይቀበላል። የክንዳችን መገጣጠሚያ ከየትኛውም መገጣጠሚያ በላይ ነፃ የሆነው፣ ትከሻም ቶሎ የሚወልቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ክንዱ በሄደበት ሁሉ ስካፑላው ጎድጓዳውን እያዞረ ከሥሩ ይደርስለታል።

ስካፑላውን ከጎድን ጋር አጣብቆ የሚይዘው ጡንቻ ነርቭ ከተጎዳ፣ ሰውየው ግድግዳ ሲገፋ አጥንቱ እንደ ክንፍ ከጀርባው ይነሳል። ከባድ ሻንጣ ለረጅም ጊዜ ማዘልም ለዚህ ሊዳርግ ይችላል። ስብራቱ ግን ብርቅ ነው፤ ሲሰበርም ብዙውን ጊዜ እንደ መኪና አደጋ ባለ ኃይለኛ ምት ነውና ሐኪሙ ጎድንንና ሳንባን ጭምር ይመረምራል።

የስካፑላ መካከሉ ብርሃን እስኪያሳልፍ የሳሳ ስለሆነ በቅሪተ አካል መልክ እምብዛም አይገኝም። ለዚህ ነው የሰላም ትከሻ የሚያስደንቀኝ። ሰላም የድንቅነሽ ወገን ነች፤ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሦስት ዓመቷ ገደማ ሞተች። በ2000 እ.ኤ.አ. በአፋር፣ ዲኪካ ያገኛት ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን ነው። ሁለቱም ስካፑላዎቿ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተርፈዋል፤ ድንጋዩን በትዕግሥት ፍቆ እነርሱን ነፃ ማውጣት ዓመታት ፈጅቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. ዘረሰናይና ዴቪድ ግሪን ባሳተሙት ጥናት የልጅቷ አጥንት ከእኛ ይልቅ እንደ ጎሪላ ወዳሉ ዘመዶቻችን ያደላል፤ ጎድጓዳው ወደ ላይ ያቀናል። ክንዱን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ቅርንጫፍ ለሚይዝ ፍጡር የሚመች ቅርጽ ነው። የእኛ ወደ ጎን ነው የሚመለከተው፤ ከፊታችን ላለ ሥራ ይመቻል። የሰላም እግር የተራማጅ እግር ነበር። ትከሻዋ ግን ገና ዛፉን አልለቀቀም።